ልጆቹን ማን ላካቸው

ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ኦሎምፒያ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ለአንዲት እናት የሕፃን ሽሮፕ እንዴት እንደሚሰጥ እያስረዳሁ ሳለ የቤቱ ስልክ ጮኸ። የራሴ ስልክ አጠገቤ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ይዛው ትወጣለች። ስልኩን ያነሳችው ባልደረባዬ "ላንቺ ነው" ብላ ስታቀብለኝ ፊቷን አይቼ ደህና ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

የደወሉት ጎረቤታችን ናቸው። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ባለው ኮንዶሚኒየም እኛ ሁለተኛ ፎቅ ስንኖር እሳቸው ግራውንድ ላይ ናቸው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ መንገድ ላይ ያረጁ ሰው። የዚያን ቀን ግን ቃላቸው እየተቆራረጠ ልጄና የእሳቸው ልጅ ፖሊስ ጣቢያ እንዳሉ ነገሩኝ። ፎቶ ሲያነሱ ተይዘው ነው አሉ።

"የምን ፎቶ?" አልኳቸው።

"የሣር ነው የሚሉት። እኔ እንጃ ልጄ፣ ብቻ ቶሎ ነይ።"

ነጩን ጋዋን እንኳ ሳላወልቅ ወጣሁ። ታክሲ ሰልፍ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ኮንትራት ያዝኩ። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ሲቆም እግሬ ወለሉን እየመታ ነበር። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና የታመመ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ሣር ፎቶ አንስታ ታስራለች ብዬ ብነግረው ምን ይለኝ ነበር?

ልጆቹ ሣር ፎቶ የሚያነሱበት ምክንያት ነበራቸው። በትምህርት ቤታቸው አንድ ወጣት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ወላጆችን ሰብስቦ፣ በአካባቢ ጥበቃ የሚሠራ አንድ ድርጅት ተማሪዎች የሰፈራቸውን የመሬት ሽፋን እንዲመዘግቡ መጠየቁን ነገረን። የመሬት ሽፋን ማለት ምን እንደሆነ ያልገባን ብዙ ነበርን። መምህሩ አልታከተም። ሳተላይት ከላይ ሆኖ አረንጓዴ ነገር ያያል፤ ያ አረንጓዴ ዛፍ ይሁን፣ ሣር ይሁን፣ የጎመን መደብ ይሁን፣ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ይሁን ለይቶ መናገር የሚችለው ግን እዚያ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ነው አለን። ስለዚህ ተማሪዎቹ አንድ ቦታ መርጠው ይቆማሉ። ስልኩ አቅጣጫ ያሳያቸዋል፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብ አንድ አንድ ፎቶ ያነሳሉ፤ ከዚያ ወደ ሰማይ፣ ከዚያ ወደ እግራቸው። ከመሬቱ ምን ያህሉ ዛፍ፣ ምን ያህሉ ሣር፣ ምን ያህሉ ቤት እንደሆነ ገምተው ይሞላሉ። ሥራው ይኼው ነው። አንድ ወላጅ ከኋላ ተነስተው ይህ ለማትሪክ ምን ይጠቅማል ብለው ሲጠይቁ መምህሩ ፈገግ ብሎ፣ "የሚኖሩበትን አገር ሳያዩት እንዳያድጉ ይጠቅማል" አላቸው።

ዳይሬክተሩም አጠገቡ ቆሞ ነበር። ጨረስኩ ሲል ማይኩን ተቀብሎ እሱም ተናገረ። ትምህርት ቤታችን ከክፍለ ከተማው የተመረጠው በእኛ ጥረት ነው አለ። በባንዲራ ሰልፍ ላይ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ አረንጓዴ ሰደርያ ሲያለብሳቸው የተነሳው ፎቶ ተሰቅሎ ቢሮው ሲገባ ፊት ለፊት ይታይ ነበር። በትምህርት ቤቱ ስልክ መያዝ ክልክል ነው፤ የተማሪ ስልክ ከተገኘ እስከ ሰኔ ይወረሳል። ለእነዚህ ልጆች ግን በዳይሬክተሩ ፈቃድ ቅዳሜ ቅዳሜ የወላጅ ስልክ እንዲይዙ ተባለ። እኔም ስልኬን የሰጠሁት እሱ ስለፈቀደ ነው። ይህን የምለው በኋላ ያለው ነገር ስላለ ነው።

ልጄ እዚህ ሥራ ውስጥ ከገባች በኋላ አመሏ ተለወጠ። ቀድሞ ሲኤምሲ መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ ዓይኗ ከስልክ አይነሳም ነበር። አሁን በየመንገዱ ትቆማለች። "እማ፣ ይሄ ፓርክ ይባላል እንጂ አሥር በመቶም ዛፍ የለውም" ትለኛለች። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ከእሷ የባሰች ናት፤ ቁመቷ ረጅም፣ ንግግሯ ጥቂት፣ አንድ ነገር ከጀመረች የማትለቅ። ሁለቱ ከኮንዶሚኒየማችን በስተጀርባ ያለውን ሜዳ መረጡ።

ሜዳው ዝቅ ያለ ነው። ክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ጥቅምትም ገብቶ መሬቱ ከእግር ሥር ይሰምጣል። ቄጤማ የሚበቅልበት ስለሆነ በዓል ሲደርስ ሴቶች እያጨዱ ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይሸጡ ነበር። እኔም ገዝቼ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ግማሹ በቆርቆሮ ታጠረ። ከዚያ ገልባጭ መኪኖች መምጣት ጀመሩ። ከሌላ ቦታ የተቆፈረ አፈርና የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ እያመጡ ውሃው ላይ ይደፋሉ። ልጆቹ በየሳምንቱ እዚያው ቦታ ሄደው ያነሳሉ፤ መምህሩ አንድን ቦታ ደጋግሞ ማየት ነው ዋጋ ያለው ስላላቸው ነው። ሜዳው እየጠበበ ሲሄድ የሚያዩት እነሱ ብቻ ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንም። እኛ አዋቂዎቹ በመስኮት እያየን መጋረጃውን እንዘጋ ነበር፤ አቧራ ስለሚገባ።

የዚያን ቅዳሜ ከቆርቆሮው ውስጥ አንድ ጥበቃ ወጥቶ ስልኩን ከልጄ እጅ ነጠቀ። ማን ላካችሁ አላቸው። ትምህርት ቤት አሉት። ሰደርያቸውን አሳዩት። ሰውየው ደወለ፤ መኪና መጣ፤ ወደ ጣቢያ ወሰዷቸው። ሜዳው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ጠይቄ የነገረኝ የለም።

ጣቢያው ስደርስ ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ረጅሟ ታለቅሳለች። የእኔዋ አታለቅስም፤ ከንፈሯ ግን ነጭ ሆኗል። ሰደርያዋን አውልቃ አጣጥፋ ቁጭ ብላበታለች። ልይዛት ስሄድ አንዱ ፖሊስ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ግቢ አለኝ።

ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። "አንቺ ነሽ እናቷ?" አለኝ። ለጎረቤታችን፣ ሽበት ላለባቸው አባት፣ "አንተ ደሞ ቁጭ በል" አላቸው። ቁጭ አሉ። መታወቂያዬን ሰጠሁት። ስሜን አነበበ፤ የአባቴን አነበበ፤ የአያቴ ስም ላይ ሲደርስ ቆመና ሁለተኛ አነበበው። የት ነው የተወለድሽው አለኝ። መታወቂያው ላይ ተጽፏል አልኩት። እሱን አላልኩሽም አለኝ። የአያቴ ስም ሁለቴ ሲነበብ መጀመሪያዬ አልነበረም። ባንክ ቤት ተነብቦብኛል፣ ቤት ለመከራየት ስሄድ ተነብቦብኛል። ጥርሴን ነክሼ መኖር የለመድኩት ነገር ነው። ልጄ በክፍት በር እያየችኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

"ፎቶው የሚላከው ለማን ነው?" አለኝ።

"ለትምህርት ቤቷ።"

"ከትምህርት ቤቱ በላይስ?"

የሣር ፎቶ እኮ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ጎረቤታችን ከወንበራቸው ብድግ ብለው ጎንበስ አሉ። ልጆች ናቸው፣ አላወቁም፣ ይማሯቸው አሉ። ሰውየው ወረቀት አወጣ። ያለ ፈቃድ ፎቶ ሲያነሱ ተይዘዋል፣ ጥፋታቸውን አምነዋል፣ ሁለተኛ አይለመዳቸውም የሚል ነው፤ ወላጅ ከፈረመ ይወጣሉ። ጎረቤታችን እስክሪብቶ ተቀበሉ።

"ምን አጥፍተው ነው የሚማሩት?" አልኩ።

ለማን እንዳልኩት እኔም አላውቅም። ጎረቤታችን ዞር ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ልጄ፣ ዛሬ ቤታቸው ይደሩ። እውነቱን ነገ እንነጋገርበታለን" አሉኝና ፈረሙ። ተናደድኩባቸው። ያሳደጉት ስድስት ልጅ፣ የነዱት የአሰብ መንገድ፣ ያ ሁሉ ሽበት፣ ለዚህ ለትንሽ ልጅ ለመጎንበስ ነው? ብዬ ተናደድኩ። አሁን አልናደድባቸውም። የዚያን ሰዓት ግን ክፍሉ ውስጥ ካለው ሁሉ ይልቅ የእሳቸው ጎንበስ ማለት አንገበገበኝ።

እኔ አልፈርምም አልኩ። ሰውየው ትከሻውን ሰበቀና እንግዲያው ታድራለች አለ። በክፍት በር ልጄን አየኋት። ራሷን በትንሹ ወዘወዘች። ፈርሚ ማለቷ ይሁን አትፈርሚ ማለቷ አልለየሁትም።

ለዳይሬክተሩ በጎረቤታችን ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ። ይጠራል፣ አያነሳም። መምህሩ ግን ላምበረት አካባቢ ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር እንደነበረ፣ እንደሰማ እየመጣ መሆኑን ጎረቤታችን ነገሩኝ። ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ለእኔም ሰላም ሳይል፣ ለማንም ሳይጎነበስ፣ ቀጥ ብሎ ጠረጴዛው ፊት ቆመ።

"የላክኋቸው እኔ ነኝ። የሚጠየቅ ካለ እኔን ጠይቁኝ" አለ።

ሰውየው ትምህርት ቤቱ ያውቃል ወይ አለው። ያውቃል አለ መምህሩ። ሰውየው የዳይሬክተሩን ቁጥር ተቀብሎ በራሱ ስልክ ደወለ። ለእኛ አልነሳ ያለው ስልክ በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማን፤ ኮሪደር ላይ ያሉት ልጆችም ሰሙ።

"ከትምህርት ቤቱ ዕውቅና ውጪ ነው" አለ ዳይሬክተሩ። "እኛ አናውቃቸውም።"

ልጄ ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

ልጄንም ያለ እኔ ፊርማ ሁለቱን ልጆች ለቀቁልን፤ በእነሱ ምትክ መምህሩን አስቀሩት። ስልኬን ሲመልሱልኝ ባዶ ነበር። የቄጤማውን ፎቶ ሊያጠፋ ያሰበው ሰው መለየት ሰልችቶት ይሆናል፣ ያለውን በሙሉ አጥፍቶታል። አባቴ ስልክ በተቋረጠበት በዚያ ክፉ ዘመን ትግራይ ውስጥ ሞተው፣ እኔ መርዶውን የሰማሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። እህቴ መንገድ ሲከፈት የላከችልኝ አጭር ቪዲዮ ስልኩ ላይ ነበር፤ ደጅ ተቀምጠው ዝንብ እሽ እያሉ ስሜን ጠርተው ሲመርቁኝ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም። እህቴም ስልኳ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ነገር ለፖሊሱ አልተናገርኩም። ለዚያ ሰው አባቴን አሳልፌ መስጠት መስሎ ታየኝ።

መምህሩ የወጣው እሁድ ማታ ነው። ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተማሪ ሳይገባ ደረስኩ። ዳይሬክተሩ ቢሮ ስገባ ፎቶው ግድግዳው ላይ የለም። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ወንበር ስቦ ይቀመጡ አለኝ። አልተቀመጥኩም። ስላጋጠመው ነገር ማዘኑን ገለጸልኝ፤ ሲናገር ጋዜጣዊ መግለጫ የሚሰጥ ይመስል ነበር። ልጆቹ ከተመደበላቸው ቦታ ውጪ ሄደው ይሆናል አለ። የተመደበ ቦታ አልነበረም አልኩት፤ ራሳቸው እንዲመርጡ እርስዎ ባሉበት ነው የተነገረን። መምህሩ በጽሑፍ አላሳወቀኝም አለ። ሰደርያውን ያለበሷቸው እርስዎ ነዎት አልኩት።

ብድግ አለ። ከዚያ በሩን ዘግቶ ተመለሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሱም የልጆች አባት መሆኑን፣ በእንዲህ ያለ ነገር ስሙ ከተነሳ ከቦታው እንደሚነሳ ነገረኝ። ውሸት አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር። ፍርሃቱን አየሁት። ያየሁት ፍርሃት ግን ንዴቴን አላበረደልኝም፤ እንዲያውም አቀጣጠለው። ሁለት ልጆች ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለው እየፈሩ አልነበረም ወይ? መምህሩስ ያደረው ሳይፈራ ነው?

"እና እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ?" አለኝ።

"ልጆቼ ናቸው ማለት ነበረብዎት" አልኩት። "ያን አንድ ቃል።"

በዚያው ሳምንት መጨረሻ የወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ተጠራ። መምህሩ ተማሪዎችን ያለ ፈቃድ በዕረፍት ቀን አሰማርቶ ለአደጋ አጋልጧል ተብሎ ተከሰሰ። የመጡት ወላጆች ብዙ ነበሩ። እጄን አውጥቼ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ማይኩ፣ ስለ ሰደርያው ተናገርኩ። የነበራችሁ አላችሁ፣ እናንተም ሰምታችኋል አልኳቸው። ማንም ዓይኑን አላነሳም። እኚያ የማትሪኩን ነገር የጠየቁት ሰው እንኳ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ ልጆቻችንን ፖለቲካ ውስጥ አታስገቡብን ስትል ሰማሁ። ቄጤማ ፖለቲካ የሆነው መቼ ነው ብዬ ዞሬ ጠየቅኳት። የተነሱት ጎረቤታችን ብቻ ናቸው። እኚያ ጣቢያ ላይ የጎነበሱት ሰው ቀና ብለው፣ መምህሩ ልጄን ያወጣልኝ ሰው ነው፣ እሱን የሚከስ ካለ እኔን ጨምሮ ይክሰስ አሉና ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ውስጥ ግን የእሳቸውም የእኔም ቃል የገባ አይመስለኝም። መምህሩ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ ከቤቱ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ቦታ።

ለልጆቹ ደህና ሁኑ ሊላቸው መጣ። እኔም በር ላይ ነበርኩ። ይቅርታ ሲጠይቀኝ እንዳይጠይቀኝ ለመንኩት። ልጄ፣ "ቲቸር፣ ሥራው ቆመ ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችው። የእናንተ ስም የተመዘገበ ነው፣ ማንም ሊያቆማችሁ አይችልም፤ ግን እናትሽን ጠይቂ አላት። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሲወጡ እኔ አብሬ መውጣት ጀመርኩ። የሥራ ተራዬን ከቅዳሜ ወደ እሁድ አዞርኩ። ወደ ሜዳው አንጠጋም፤ ሌላ ሌላ ቦታ እንሄዳለን። ረጅሟ ፎቶ ስታነሳ እኔ መንገዱን እጠብቃለሁ። ልጄ አንዳንዴ ዞር ብላ እየሳቀች፣ እማ ፖሊስ መሰልሽ ትለኛለች። እኔ አልስቅም ነበር።

ዓመቱ መጨረሻ ላይ ድርጅቱ የተሳተፉትን ትምህርት ቤቶች ቦሌ አንድ ሆቴል አዳራሽ ጠራ። ልጄን አትሄጂም አልኳት። ሠርቻለሁ፣ እሄዳለሁ አለችኝ። ልክ ነበረች። ከጓደኛዋ ጋር ሦስታችንም ሄድን። ዳይሬክተሩ ከፊት ረድፍ ሙሉ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። የትምህርት ቤቱ ስም ሲጠራ ወጥቶ የምስክር ወረቀት ተቀበለ፣ ለካሜራው ቆመ፣ ንግግርም አደረገ። ተማሪዎቻችን የነገ አገር ተረካቢዎች ናቸው አለ። ተጨበጨበ። ልጄ እጆቿን ጉልበቷ መሃል ከታ ተቀመጠች።

ከዚያ አንዲት የድርጅቱ ወጣት ባለሙያ ትልቁ ስክሪን ላይ ካርታ አወጣች። ተማሪዎች የቆሙበት ቦታ ሁሉ በነጥብ ምልክት ተደርጎበታል። ጥያቄ ያለው ሲባል ያቺ ነገር የማትለቀው ረጅሟ ተነሳች። ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ብዙ ሳምንት የመዘገብነው አለ፣ ለምንድን ነው ካርታው ላይ የሌለው አለች። መምህሩ የመጨረሻው ቅዳሜ ሲቀር ሌላውን ሁሉ አስቀድሞ ልኮት እንደነበር እናውቃለን። ባለሙያዋ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና በየዋህነት መለሰች፤ ምንም ነገር መደበቅ እንዳለባት የነገራት ሰው አልነበረም መሰለኝ።

"እነዚያ ትምህርት ቤቱ ስህተት ናቸው ስላለን ከካርታው የተነሱ ናቸው።"

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ምኑም አልገባውም። ለእኛ ግን ገባን። ተነሳሁ። ማይክ አልሰጡኝም፣ አላስፈለገኝም። "ስህተት አይደሉም" አልኩ። "ልጆቹ እዚያ ቆመው ነበር። በቆሙበት ነው የታሰሩት። ያሳሰራቸውን መሬት ከካርታችሁ ላይ አጥፍታችሁ ልጆቹን ለጭብጨባ ጠራችኋቸው።" ስብሰባውን የሚመራው ሰው አመሰግናለሁ አለና ምሳ ተዘጋጅቷል፣ ውይይቱን እዚያው እንቀጥላለን ብሎ አስነሳን። ዳይሬክተሩ በሌላኛው በር ወጣ።

ባለሙያዋ ኮሪደር ላይ አገኘችን። ፊቷ ቀልቷል። አላወቅኩም አለች። መረጃው በመምህሩ ስም የገባ ስለሆነ እሱ ከፈቀደ መመለስ እንደሚቻል ነገረችን። ልጄ ያኔውኑ ደወለችለት። ትንፋሽ ሳይወስድ መልሱት አለ። ሌላ ማስጠንቀቂያ ቢመጣብህስ ብዬ ስልኩን ነጥቄ ጠየቅኩት፤ በድንጋጤ አንተ አልኩት። "የልጆቹ ነው፣ የእኔ አይደለም" አለኝ። ነጥቦቹ ተመለሱ። ልጄ አሳየችኝ፤ ከብሎካችን ጀርባ የተደረደሩ ትናንሽ ነጥቦች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ግን ማን አያቸው? ከዚያ ቀን ወዲያ ደውሎ የጠየቀን ሰው የለም።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጠና። ቀድሞ ሜዳው ላይ ይተኛ የነበረው ውሃ መተኛ አጣና አንድ ሌሊት ወደ እኛ ብሎክ መጣ። ጠዋት ወርጄ ሳይ የጎረቤታችን ሳሎን ውስጥ ጫማ ተንሳፍፏል። ሶፋው በብሎኬት ላይ ቆሟል፣ ምንጣፉ የባልኮኒው ብረት ላይ ተሰጥቷል፣ ሚስታቸው ፍራሹን አቅፈው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ በባልዲ ስንቀዳ ዋልን። ከሰዓት ከወረዳ ሰዎች መጡ፤ ቦቲ ጫማ አድርገዋል፤ ቤቱን ፎቶ አነሱ። ያለ ፈቃድ ነው ያነሱት፣ ማንም አልያዛቸውም። አንደኛው ውሃው ከየት እንደመጣ በባለሙያ ይጠናል አለ።

ረጅሟ ባልዲዋን አስቀምጣ ቀረበችው። ከዚያ ነው የመጣው፣ ረግረጉ እስከዚህ ድረስ ነበር፣ መሞላት የጀመረው ከዚያኛው ጥግ ነው ብላ በጣቷ አሳየችው። ልትቀጥል ነበር። ሰውየው ሳያያት፣ "አንቺ ልጅ፣ ከመንገድ ዘወር በይ" አላት። አባቷ ሰምተዋል። እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ "እሷ ናት የምታውቀው፣ ስማት" አሉት። ሰውየው ወደ ሌላኛው ቤት አለፈ። እኔ የያዝኩትን ባልዲ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ባልዲው ተሰነጠቀ፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ጎረቤታችን አንስተው ስንጥቁን በጣታቸው አዩና፣ ይህ ደግሞ አፈር ማጋዣ ይሆናል ብለው ጥግ አስቀመጡት።

መስከረም ላይ የውጭ አገር ነጋዴዎችን የጫነ መኪና ሜዳው ላይ ሲዞር አየን፤ አሁን መሠረት እየተቆፈረ ነው። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ከጓደኛዋ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ይወጣሉ፤ ወደ ላምበረት ማዶ ያለውን የባሕር ዛፍ ኮረብታ ይዘዋል። አሁን አብሬያቸው እንዳልሄድ ነግረውኛል። ታሳፍሪናለሽ አሉኝ። መምህሩ በአዲሱ ትምህርት ቤቱ ሌላ ቡድን እንዳቋቋመ ለልጄ ጽፎላታል። እሱ ሰው ነው፤ እኔ ግን የእሱን ያህል ልብ የለኝም፤ አልረሳም።

ባለፈው ሳምንት ላምበረት አንድ ዘመድ ሸኝቼ ስመለስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ዳይሬክተሩን አገኘሁት። ከፊቴ ነበር። ዞር ሲል አየኝና እጁን ዘረጋ። አስተዳደጌ ነው፣ እጄ ራሱ ሄዶ ጨበጠው። ቤተሰብ እንዴት ነው አለኝ፣ ሥራ እንዴት ነው አለኝ። ከዚያ ስለ ልጄ ጠየቀኝ። በጣም ጎበዝ ልጅ ናት አለ፣ ድርጅቱ በዚህም ዓመት ትምህርት ቤታችንን መርጦታል፣ እንደ እሷ ያሉትን ይዘን ነው የምንቀጥለው።

"ያውቋታል እንዴ?" አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ታክሲው መጣ። ረዳቱ ሁለት ሰው ብሎ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ገባና አጠገቡ ያለውን ወንበር በመዳፉ ጠርጎ፣ ይግቡ እንጂ አለኝ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ሴትዮ ግቢ እንጂ እያሉ ይገፉኛል። ከሰልፉ ወጣ አልኩና ሌላ ሰው እንዲገባ ተውኩ። በሩ ተዘጋ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ሄጄ እንደገና ተሰለፍኩ።